ካርቦን ሲበዛ ደን ይወፍራል?

የደንን ዕድገት በሚተነብዩ የኮምፒውተር ስሌቶች (ሞዴሎች) ላይ «የካርቦን ማዳበሪያ ውጤት» የሚባል ነገር አለ። ማዳበሪያ ሲባል ደኑ የሚጠቀም ይመስላል፤ ብዙዎችን ግራ የሚያጋባውም ይሄ ነው።

አየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጨምር ቅጠል ምግቡን ቶሎ ቶሎ ይሠራል። እዚህ ድረስ ልክ ነው። ግን የተሠራው ሁሉ ግንድ አይሆንም።

አውስትራሊያ ውስጥ፣ ከሲድኒ ወጣ ብሎ ባለ የቆየ የባሕር ዛፍ ደን፣ ተመራማሪዎች ጋዙን ለዓመታት ጨምረው ለቀቁበት። በ2020 የታተመው ውጤት ያስገርማል። ዛፎቹ 12 በመቶ ያህል ተጨማሪ ካርቦን ሳቡ፤ ግንዳቸው ግን ጋዙ ካልተጨመረላቸው ዛፎች በልጦ አልወፈረም። አብዛኛው ካርቦን በዛፎቹና በአፈሩ ትንፋሽ ወደ አየር ተመለሰ። አፈሩ ዛፍ ለማደግ የሚያስፈልገው ፎስፈረስ የሚባል ንጥረ ነገር ያጥረዋላ!

ስለዚህ «ደኑ ካርቦናችንን ይውጥልናል» የሚል ትንበያ ሲያጋጥማችሁ፣ ሞዴሉ የአፈሩን ፎስፈረስ አስቦ እንደሆነ መጀመሪያ እዩ።