የሕዝብ ስም ያረፈባቸው የዕለት ተዕለት አባባሎች

በብዙ ቋንቋዎች ውስጥ የአንድን ሕዝብ ወይም ወገን ስም ከማታለል፣ ከወንጀል ወይም ከዝቅተኝነት ጋር ያቆራኙ አባባሎች አሉ። ተናጋሪው አብዛኛውን ጊዜ ምንጫቸውን አያውቅም። ምንጫቸው ራሱም ብዙ ጊዜ ያከራክራል፤ በማስረጃ የጸና አለ፣ ከጊዜ በኋላ የተፈጠረ ተረትም አለ።

ለእኛ ከሁሉም የሚቀርበው «ቻው» ነው። ስልክ ስንዘጋ ሁላችንም የምንለው ይህ ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን፣ ጣሊያንኛ ደግሞ ያገኘው ከቬኒስ ሰዎች የአክብሮት ሰላምታ ነው፤ ትርጉሙም «ባሪያዎ ነኝ» ነበር። ሥሩ ሲፈለግ «ስክላቩስ» የሚል የመካከለኛው ዘመን የላቲን ቃል ላይ ይደርሳል። የእንግሊዝኛው «ስሌቭ»ም ከዚያው የወጣ ነው። በአብዛኞቹ ሊቃውንት አስተያየት ቃሉ የስላቭ ሕዝቦች ስም ነው፤ በዚያ ዘመን እጅግ ብዙ ስላቮች እየተማረኩ በሜዲትራኒያን ገበያዎች ይሸጡ ስለነበር የሕዝቡ ስም የባርነት መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ምርኮ መግፈፍን ከሚገልጽ የግሪክ ግስ ነው የመጣው ብለው የሚከራከሩም አሉ። ዛሬ ሰርቢያውያን፣ ራሳቸው ስላቮች ሆነው፣ «ቻኦ» እየተባባሉ ይሰናበታሉ። ይህን ያህል የከበደ ታሪክ ያለው ቃል ማንንም ሳይወጋ መኖር ችሏል።

በአሜሪካ እንግሊዝኛ «ጂፕ» ማለት ማጭበርበር ነው። «ጂፕሲ» ከሚለው የሮማ ሕዝብ (ከሮም ከተማ ጋር አይገናኝም) መጠሪያ እንደ ወጣ በሰፊው ይታመናል፤ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎችን አገልጋይ «ጂፕ» ይሉት ስለነበር ምንጩን ወደዚያ የሚወስዱም አሉ። «ጂፕሲ» የሚለው ስም ራሱ የተሳሳተ ነው፤ አውሮፓውያን ሰዎቹን ከግብፅ የመጡ መስሏቸው «ግብፃዊ» ከሚለው አወጡት እንጂ የሮማ ሕዝብ መነሻ ሰሜን ህንድ ነው። የሕዝቡ ተወካዮች እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን አጠገብ ባደረጉት ጉባኤ «ሮማ» መባልን መርጠዋል። የፖሊስ መኪና «ፓዲ ዋገን» የተባለው ደግሞ «ፓዲ» በሚለው የአየርላንዳውያን ቅጽል ስም ነው፤ የሚያከራክረው አየርላንዳዊ የነበረው ፖሊሱ ነው ወይስ ታሳሪው የሚለው ነው።

አንዳንዱ ክስ ግን መሠረት የለውም። እ.ኤ.አ. በ1819 በጀርመን ዉርዝቡርግ ከተማ በአይሁዶች ላይ የተነሣው ሁከት አጥቂዎቹ «ሄፕ ሄፕ» እያሉ ይጮኹ ስለነበር በዚሁ ስም ይታወቃል። ጩኸቱን «ኢየሩሳሌም ጠፍታለች» የሚል የላቲን ዓረፍተ ነገር ምህጻር ነው የሚሉ ቢኖሩም፣ የእረኞች የከብት መንጃ ድምፅ ነው የሚለው የተሻለ ያሳምናል። የእንግሊዞቹ የደስታ ጩኸት «ሂፕ ሂፕ ሁሬ» ከዚህ የመጣ ነው ተብሎ ቢከሰስም፣ ይህን የሚያስረዳ ማስረጃ የለም። ስስትን የሚያመለክተው የእንግሊዝኛ ቃል «ኒጋርድሊ» ከጥቁሮች መሰደቢያ ጋር የድምፅ እንጂ የዝምድና ግንኙነት የለውም፤ ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1999 የዋሽንግተን ከንቲባ ረዳት ስለ በጀት ሲናገር ቃሉን በመጠቀሙ በተነሣ ቅሬታ ሥራውን ለቀቀ። ከንቲባው በኋላ ወደ ሥራ መልሰውታል።

ወደ አገራችን ስንመጣ ጉዳዩ ይበልጥ ያማል። የኢትዮጵያ አይሁዶች በሌሎች ይጠሩበት የነበረው «ፈላሻ» በግእዝ መሰደድን ከሚያመለክተው «ፈለሰ» ጋር ይያያዛል። በአንድ ትውፊት መሠረት ዐፄ ይስሐቅ (1414–1429 እ.ኤ.አ.) የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ ይሁን ብለው አውጀዋል። «ፈላሲ» ከአገሩ ወጥቶ ለሚዞር መነኩሴም የሚሰጥ ስም ስለነበር ስድብ ሆኖ አልጀመረም የሚሉ አሉ። እኔ ይህ ክርክር ለታሪክ ጸሐፊው እንጂ ለተሰዳቢው የሚፈይደው ነገር አይታየኝም። በ1984–85 እና በ1991 እ.ኤ.አ. በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የተወሰደው ማኅበረሰብ ራሱን የሚጠራው «ቤተ እስራኤል» ብሎ ነው። የኦሮሞ ሕዝብ ቀድሞ በሌሎች ይጠራበት የነበረው ስምም እንዲሁ ነው፤ ከአረብኛ «እምቢ አለ» ማለት ነው የሚል ተረት ተፈጥሮለት ስሙን ትክክለኛ ለማስመሰል ሲጠቀስ ኖሯል።

«ጠይብ» የሕዝብ ስም ባይሆንም ከዚሁ ጋር ይነሣል። ምንጩ «ጠቢብ» ነው፤ የሚያስከብር ቃል። ብረት የሚቀጠቅጠውና ሸክላ የሚሠራው ሰው ግን፣ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን የነበሩት፣ በዚህ ስም ሲጠራ «ቡዳ ነህ» መባሉ ነበር፤ ጋብቻም ይከለከል ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛውን በሙያው መስደብን አወገዙ፤ አንጥረኛውን ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ፣ ጸሐፊውን ጠንቋይ እያሉ ማንቋሸሽ እንዲቀር አዘዙ። ከአዋጁ ወዲህ መቶ ዓመት አልፎ «ፋቂ» ዛሬም ለስድብ ሲውል ይሰማል።