ጠቃሚ የአፈር ባክቴሪያዎች በሰብል ጥበቃና በምርት ዕድገት

ጠቃሚ የአፈር ባክቴሪያዎች በተክል ሥር ዙሪያ እየኖሩ በሽታ አምጪዎችን የሚገቱ ወይም ተክሉ ምግቡን እንዲያገኝ የሚያግዙ ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው። ተክል በሥሩ በኩል ስኳርና ልዩ ልዩ አሲዶችን ወደ አፈር ስለሚለቅ፣ ሥሩን የከበበው ስስ የአፈር ሽፋን ከሌላው አፈር ይልቅ በባክቴሪያ የተጨናነቀ ነው፤ ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሎሬንዝ ሂልትነር ይህን ሽፋን እ.ኤ.አ. በ1904 ራይዞስፌር ብሎ ሰየመው። ሂልትነርና ፍሪድሪክ ኖቤ ቀደም ሲል፣ በ1896፣ ለጥራጥሬ ሰብሎች ናይትሮጅን የሚያስገኘውን ራይዞቢየም የተባለ ባክቴሪያ «ኒትራጂን» በሚል ስም የፈጠራ መብት አስመዝግበውበት ነበር። በኋላ በሶቪየት ኅብረት ከአየር ናይትሮጅን በሚወስደው አዞቶባክተር በተባለ ባክቴሪያ ከፍተኛ የምርት ጭማሪ ተገኘ ቢባልም፣ በሌሎች አገሮች የተደረጉ ሙከራዎች ይህን በወጥነት አላረጋገጡም።

በበሽታ መከላከል ረገድ ከሁሉ የጠራው ምሳሌ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአውስትራሊያ አደሌድ ከተማ ተመራማሪው አለን ከር ያቀረበው ኬ84 የተባለ፣ አግሮባክቴሪየም ከሚባሉት የአፈር ባክቴሪያዎች የሆነ ዝርያ ነው። በኮክ፣ በአልሞንድና በጽጌረዳ ሥር አንገት ላይ ዕጢ የሚያበቅለው ጎጂ ዘመዱ፣ ተክሉን አስገድዶ ለራሱ ብቻ የሚሆን ምግብ ያሠራዋል፤ ኬ84 የሚያመነጨው አግሮሲን 84 የተባለ መርዝ ደግሞ ይህን ምግብ በሚያስገባው በር በኩል ስለሚገባ፣ ጎጂው መርዙን ራሱ ስቦ ይወስዳል። የችግኙ ሥር ከመተከሉ በፊት ባክቴሪያው በተበጠበጠበት ውኃ ይነከራል፤ ቀድሞ የተለከፈ ችግኝ ግን በዚህ አይድንም፣ የወይን ተክልን የሚያጠቃው ዝርያም ለመርዙ አይበገርም። መርዙን የመቋቋም ባሕርይ ወደ ጎጂው እንዳይተላለፍ፣ የመተላለፊያ ዘረመሉ የተቆረጠለት ኬ1026 በ1980ዎቹ መጨረሻ በኬ84 ቦታ ተተክቷል፤ ሆን ተብሎ ዘረመላቸው ተለውጦ ለገበያ ከቀረቡ የመጀመሪያዎቹ ሕያዋን አንዱ መሆኑ ለሙያው የሚያኮራ ነው።

ስንዴ በአንድ ማሳ ላይ በተከታታይ ሲዘራ ሥሩን የሚያጠቃው ፈንገስ ለጥቂት ዓመታት ከበረታ በኋላ ራሱ የሚቀንስበት ሁኔታም አለ። በብዙ ማሳዎች ምክንያቱ ፈንገሱን የሚገድል ውሕድ የሚያመነጩ የፕሱዶሞናስ ባክቴሪያዎች መብዛት እንደሆነ ታምኖበታል፤ በሁሉም አፈር እንዲሁ ነው ማለት ግን አይቻልም። ከነዚህ አንዳንዶቹ ብረትን አጥብቆ የሚይዝ ውሕድ በመልቀቅ ፈንገሱን ብረት ያሳጡታል፤ ሌሎች ደግሞ የተክሉን የራሱን የመከላከል ኃይል ያነቃሉ።

በተግባር ባክቴሪያው ከዘር ጋር ተለውሶ ይዘራል። ባሲለስ የተባለው ባክቴሪያ ስፖር (ድርቀትን የሚቋቋም ጠንካራ የዕረፍት ሕዋስ) ስለሚሠራ በዱቄት መልክ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ራይዞቢየምና ፕሱዶሞናስ ግን ሙቀትና ድርቀት ስለሚገድላቸው፣ የተለወሰው ዘር በጥላ ሥር ተይዞ በዕለቱ መዘራት ይኖርበታል።