የሁለት ባህል ማንነት ምንድን ነው?

«ግሎባላይዜሽን ወጣቱን ግማሽ የራሱ፣ ግማሽ የባዕድ አድርጎታል፤ የማንነት ቀውስ ማለት ይሄ ነው።» አንድ ተንታኝ ሰሞኑን እንዲህ ሲል ሰማሁት። ይህንን ነገር መስማት ሰለቸኝ።

ግሎባላይዜሽን ምን እንደሆነ አልተርክላችሁም። የሚያናድደኝ ያ «ግማሽ» የሚለው ነው። ሰውየው አዲስ ባህል በገባ ቁጥር የድሮው ይወጣል ብሎ ያስባል። የሁለት ባህል ማንነት ማለት ግን አንዱን ሳይጥሉ ሁለቱንም ባህል አብሮ መያዝ ነው።

ቋንቋን አስቡት። ሁለተኛ ቋንቋ የለመደ ሰው የመጀመሪያውን ግማሽ አይጥልም። እንደየሁኔታው ይቀያይራል፤ ሳይታወቀው ጭምር። ባህልም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ አንድ ጥናት ለሆንግ ኮንግ ተማሪዎች፣ ለአንዱ ቡድን የቻይና፣ ለሌላው የአሜሪካ ምልክቶች ታዩ። ቀጥሎ አንድ ዓሣ ከሌሎቹ ቀድሞ ሲዋኝ የሚያሳይ ሥዕል ቀረበላቸው። የአሜሪካን ያዩት ምክንያቱን ይበልጥ ከዓሣው ከራሱ ፈለጉት፦ እየመራ ነው። የቻይናን ያዩት ደግሞ ወደ ሌሎቹ ዓሣዎች አደሉ፦ እያሳደዱት ነው። አስተዳደጋቸው ግን ያው ነበር። (የተማሪዎች ሙከራ ነው፤ ለዓለም ሁሉ እንዳትዘረጉት።)

ቋንቋ ካልተናገሩት ይዝጋል። የአንዱ ቅላጼም ሌላው ላይ ይሰማል። ይህ በሽታ አይደለም! ችግር የሚሆነው አንድ ሰው በአንዱ ሲናገር ሲሳቅበት፣ በሌላው ሲናገር ደግሞ «አንተ የኛ አይደለህም» ሲባል ነው። መደናገር የለም አላልኩም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄፍሪ አርኔት እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ ግሎባላይዜሽን ሥነ ልቦና ሲጽፍ የሁለት ባህል ማንነትን ለብቻ፣ መደናገርን ለብቻ ነው ያስቀመጠው። ተንታኙ ሁለቱን አንድ አደረጋቸው።

ደግሞ ጉዳዩ የወጣቱ ምርጫ ብቻ አይደለም። ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ቤሪ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ የራስህን ባህል ትይዛለህ? ከሌሎቹስ ጋር ትቀራረባለህ? ለሁለቱም «አዎ» ያለ ሰው ይዋሃዳል፤ ማለትም የራሱን ሳይለቅ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ይኖራል። ግን ሌላው ወገን በሩን ከዘጋበት «አዎ» ማለቱ ምን ይፈይድለታል? እ.ኤ.አ. በ1936 ሦስት አንትሮፖሎጂስቶች የባህል ግንኙነትን ሲበይኑ፣ ለውጡ በአንደኛው ወይም በሁለቱም ወገን ሊሆን እንደሚችል ጽፈዋል። ተንታኙ የሚቆጥረው ግን የአንዱን ወገን ለውጥ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የሚዋሃዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የተሻለ ደኅንነት ይታይባቸዋል። ስለተዋሃዱ ነው የተረጋጉት ወይስ የተረጋጋ ሰው መዋሃድ ይቀለዋል? እኛ የዘርፉ ሰዎች በዚህ ገና አልተስማማንም።