ርካሹ የዩኤስቢ ዋይፋይ አዳፕተር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ወይም ሐረር ተገዝቶ፣ «አይሠራም» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ የሚቀር ዋይፋይ አዳፕተር ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የዕቃው ርካሽነት ሳይሆን የተሰካበት ቦታ ነው።

«ስሰካው ኢንተርኔት ይመጣል።»
ይህ ሲም ካርድ ከሚገባበት ዶንግል ጋር ማምታታት ነው። አዳፕተሩ ኮምፒውተሩን ከቤቱ ራውተር ወይም ከስልክ ሆትስፖት ጋር ያገናኛል እንጂ የራሱ ኢንተርኔት የለውም።

«ማሸጊያው ላይ 150 ካለ 150 አገኛለሁ።»
ቁጥሩ በሰከንድ ሜጋቢት (የሜጋባይት አንድ ስምንተኛ) እንጂ ሜጋባይት አይደለም፤ እሱም በአዳፕተሩና በራውተሩ መካከል ያለው የሬዲዮ ግንኙነት ጣሪያ ነው። ራውተሩ በ20 ሜጋኸርዝ የቻናል ስፋት ከሠራ ጣሪያው ራሱ ወደ 72 ይወርዳል፤ በተግባር የሚገኘው ደግሞ የዚያ ግማሽ ገደማ ነው። ለ10 ሜጋቢት የቤት መስመር ግን ይህም ይተርፋል።

«አንቴናው ከረዘመ ከየትም ይስባል።»
ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። የጁገል (በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ሐረር) ቤቶች ወፍራም የድንጋይ ግንብ ሞገዱን ይውጠዋል፤ ቆርቆሮና የብረት በር ይመልሱታል። አንቴናው ስለረዘመ ግንቡ አይሳሳም። በዚያ ላይ አዳፕተሩ ዴስክቶፑ ጀርባ ሲሰካ የኮምፒውተሩ የብረት ሳጥን ራሱ ሌላ ግድግዳ ይሆንበታል። ሰማያዊው የዩኤስቢ 3.0 ቀዳዳ «ፈጣን ስለሆነ ይሻላል» መባሉም እዚህ ላይ ይጎዳል፤ በተለይ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ አጠገቡ ሲሠራ ርካሹ አዳፕተር የሚሠራበትን የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይረብሻል።

መፍትሔው 1 ወይም 2 ሜትር የዩኤስቢ ኤክስቴንሽን ገመድ ነው፤ ከ5 ሜትር አይለፍ። ጥቁሩ (ዩኤስቢ 2.0) ቀዳዳ ላይ ሰክታችሁ አዳፕተሩን ራውተሩ ወዳለበት በር ወይም መስኮት አቅጣጫ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። የሞገዱ ርዝመት 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ ግማሽ ስንዝር ማንቀሳቀስ እንኳ ለውጥ ያመጣል። ሦስት አራት ቦታ ሞክሩ፤ በየቦታው ፍጥነቱን ለኩ። በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ አዳፕተር ራውተሩ ባለበት ክፍል ይበልጣል፤ ግንብ ሲያቋርጥ ግን ከ2.4 የባሰ ይደክማል።

«ካልታየ ተቃጥሏል።»
አንዳንዱ መጀመሪያ ሲሰካ ራሱን እንደ ሲዲ ያሳያል፤ ድራይቨሩ (ኮምፒውተሩ ዕቃውን እንዲያሠራው የሚያስችለው ፕሮግራም) እዚያው ውስጥ አለ፣ ሲጫን ወደ ዋይፋይ ይለወጣል። ሲዲም ካልታየ ዲቫይስ ማኔጀር (የተሰኩ ዕቃዎችን የሚዘረዝረው የዊንዶውስ ገጽ) ከፍታችሁ ሃርድዌር አይዲውን፣ ማለትም የዕቃውን መለያ፣ ተመልከቱ፤ ከቪአይዲ (VID) እና ከፒአይዲ (PID) ቀጥሎ ያሉት አራት አራት ምልክቶች የቺፑን ማንነት ይናገራሉ። መልካቸው አንድ፣ ቺፓቸው የተለያየ ዕቃዎች ስላሉ ድራይቨርን በመልክ መፈለግ አያዋጣም። ማውረጃ ኢንተርኔት ከሌለ ስልኩን በገመድ አገናኝቶ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት በገመድ ለኮምፒውተሩ ማካፈያ) ማብራት ይበቃል።

«የሚቆራረጠው ስለሚሞቅ ነው።»
ለብ ማለቱ ጤነኛ ነው። በድሬ ቀትር ይብስበታል፤ ከላፕቶፑ ርቆ በገመድ ሲንጠለጠል ግን ይቀዘቅዛል። ኮምፒውተሩ ሥራ ሲፈታ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ዊንዶውስ ኃይል ለመቆጠብ እያጠፋው ነው፤ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ፣ የአዳፕተሩ ፓወር ማኔጅመንት ገጽ ላይ ያለችውን የመጀመሪያዋን ምልክት አንሡ።