ላፕቶፑ አልነሳ ሲል ሁሉም ፎርማት ያዛል

ባለፈው ወር ጓደኛዬ ደወለልኝ። «ላፕቶፔ አለቀለት» አለኝ። ኡቡንቱ ነው የጫነበት፤ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ፣ የሊኑክስ ዓይነት ነው። ሲከፍተው አርማው ይመጣል፤ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም። ጥገና ቤት ወስዶት «ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም» ብለውታል። ውስጡ የልጆቹ ፎቶ አለ። ባክአፕ? የለም። ማን አለው?

ሊኑክስ አልነሳም ባለ ቁጥር የምሰማው ወሬ ይመሳሰላል። አብዛኛው ስህተት ነው።

«ኮምፒውተሩ ምን እንደሆነ አይናገርም»

ይናገራል እንጂ፤ አፉን ያስያዝነው እኛ ነን። ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ሲነሳ የሚያነበው አንድ የትእዛዝ መስመር አለ። ኡቡንቱ እዚያ መስመር ላይ «ኳየት» እና «ስፕላሽ» የሚሉ ሁለት ቃላት ይጨምራል። አንዱ መልእክቶቹን ያፍናል፣ ሌላው አርማውን ይጋርድባቸዋል።

ቃላቱን ለማጥፋት ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ ኢስኬፕን ጫኑ፤ ቆየት ባሉ ማሽኖች ደግሞ ሺፍትን ተጭናችሁ ያዙ። ግረብ የሚባለው የማስነሻ ሜኑ ይመጣል። ኡቡንቱ የሚለው ላይ ሆናችሁ «ኢ» ፊደልን ጫኑ። «ሊኑክስ» በሚል ቃል የሚጀምረውን መስመር ፈልጉና ሁለቱን ቃላት ሰርዙ። ከዚያ ኮንትሮልና ኤክስን አንድ ላይ፣ ወይም ኤፍ 10ን ጫኑ። ኢስኬፕን ደጋግማችሁ ከመታችሁ ሜኑውን አልፎ ባዶ የግረብ መስመር ላይ ይጥላችኋል። አትደንግጡ፤ «ኖርማል» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋችሁ ኢንተር ምቱ።

«እዚያ ብሳሳት ማሽኑ ይበላሻል»

አይበላሽም። በዚህ መንገድ የለወጣችሁት ለዚያች አንድ መነሳት ብቻ ነው። ከተሳሳታችሁ ሪስታርት አድርጉት፣ የድሮው ይመለሳል። ለውጡ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ የግረብን ማስተካከያ ፋይል ለውጣችሁ «አፕዴት-ግረብ» የሚለውን ትእዛዝ ማስኬድ አለባችሁ።

«ስክሪኑ ላይ መጨረሻ የታየው መስመር ነው ጥፋተኛው»

ይሄኛው ብዙ ሰው ያሳስታል። ሲስተምዲ የሚባለው አስነሺ ፕሮግራም አገልግሎቶችን ተራ በተራ ሳይሆን ብዙዎቹን በአንዴ ነው የሚያስነሳው። ስለዚህ መጨረሻ ላይ የታተመው መስመር ሥራውን በሰላም የጨረሰ ሊሆን ይችላል። ፈልጉ የምላችሁ በቀይ የተጻፈውን፣ ወይም ሰከንድ እየቆጠረ የሚጠብቀውን ነው።

የጓደኛዬም ይኸው ነበር። ቃላቱን በስልክ አሰረዝኩት። «አንዱ መስመር ይቆጥራል» አለኝ፤ «ከ1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ይላል»። አንድ ዲስክ እየጠበቀ ነው። ለካ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ እንዲከፈት ያስመዘገበውን ውጫዊ ዲስክ ለወንድሙ አውሶታል! እሱ ደግሞ 90 ሰከንዱ ሳይሞላ ተበሳጭቶ ያጠፋዋል። ዲስኩን አስመልሶ ሲሰካው ተነሳ። ከዚያ ዲስኮች የሚመዘገቡበት ፋይል ውስጥ፣ በዚያ ዲስክ መስመር ላይ «ኖፌል» የሚል ቃል አስገባን፤ ዲስኩ ባይኖርም ኮምፒውተሩ መነሳቱን ይቀጥላል ማለት ነው።

«ኖሞድሴት መድኃኒት ነው»

ማስታገሻ ነው። በዚያው የትእዛዝ መስመር ላይ የሚጨመረው «ኖሞድሴት» ከርነሉ በግራፊክስ ድራይቨሩ ስክሪኑን እንዳያስተካክል ይከለክለዋል። ኤንቪዲያ ካርድ ባለባቸው ላፕቶፖች ላይ ጥቁር ስክሪንን ለማለፍ ብዙ ጊዜ ይረዳል። ከገባችሁ በኋላ ግን ትክክለኛውን ድራይቨር ጭናችሁ ቃሉን አውጡት። አለበለዚያ ስክሪኑ ጥራቱ ወርዶ፣ ቪዲዮው እየተንቀረፈፈ ትኖራላችሁ።

«ኢኒትራምኤፍኤስ የሚል ከመጣ ሃርድ ዲስኩ ተቃጥሏል»

ኢኒትራምኤፍኤስ ዋናው ዲስክ እስኪከፈት ድረስ የሚሠራ ትንሽ ጊዜያዊ ሲስተም ነው። መብራት ድንገት በሚጠፋበት ቤት ዴስክቶፕ ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ የተበላሸው ዲስኩ ሳይሆን የፋይሎቹ መዝገብ ነው፤ እየጻፈ ሳለ ተቋርጦበታል። እዚያው «ኤግዚት» ብላችሁ ብትጽፉ የትኛው የዲስኩ ክፍል መመርመር እንዳለበት ብዙ ጊዜ ይነግራችኋል። ከዚያ መዝገቡን የሚመረምረውንና የሚጠግነውን «ኤፍኤስሲኬ» የሚለውን ትእዛዝ ከዚያ ክፍል ስም ጋር መጻፍ ነው። መብራት ሳይጠፋ በየሳምንቱ የሚመላለስ ከሆነ ግን ዲስኩን ጠርጥሩት፤ ከሁሉ በፊት ፋይላችሁን ቅዱ።

«ሪስታርት ካደረግኩት ማስረጃው ይጠፋል»

አይጠፋም። ማስታወሻውን ዲስክ ላይ እንዲያስቀምጥ በተዘጋጀ ሲስተም፣ ኡቡንቱም እንደዚያው ነው፣ «ጆርናልሲቲኤል» በሚለው ትእዛዝ ያለፈውን መነሳት መልእክቶች ማንበብ ይቻላል። እርግጥ ዲስኩ ሳይከፈት የቀረ ከሆነ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም።

«ፓስወርድ አለኝ፣ ማንም አይገባበትም»

ግረብ ውስጥ ያችኑ የትእዛዝ መስመር ያገኘ ሰው መጨረሻው ላይ አንድ አጭር ቃል ጨምሮ ያለ ምንም ፓስወርድ እንደ ሩት፣ ማለትም ሁሉም ሥልጣን እንዳለው ተጠቃሚ፣ መግባት ይችላል። ፓስወርድ ለጠፋበት ሰው መዳኛ ነው፤ ላፕቶፑ ለተሰረቀበት ሰው ደግሞ ሌላ ታሪክ። ፋይሉን የሚከልለው ዲስኩን ማመስጠር ነው፤ ያ ደግሞ ኡቡንቱ ሲጫን የሚመረጥ ነገር ነው። ጓደኛዬ አልመረጠም ነበር።