የሬፍ ቁጥር ምንድን ነው? የኢንሱሊን ፓምፕ ዕቃን ከማሸጊያው መለየት

የእህቴ ልጅ አሥር ዓመቷ ነው፤ ስኳር አለባት። የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። በሰፈራችን መድኃኒት ቤቶች ኢንሱሊን እንጂ፣ ኢንሱሊኑን በቀጭን ቱቦ ወደ ሰውነቷ ለሚያስገባው ትንሽ መሣሪያ፣ ለፓምፑ፣ የሚሆን ዕቃ አግኝተን አናውቅም። እሱ የሚመጣው ከአሜሪካ፣ በሰው ሻንጣ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ሳጥን ደረሰን። ቀለሙ ያው፣ ሥዕሉ ያው፣ ስሙም ያው ኩዊክ-ሴት፤ ፓምፑን ከሰውነቷ ጋር የሚያገናኘው ቱቦ ማለት ነው። እህቴ አንዱን ከፍታ ከድሮው ጎን ስታስቀምጠው ግን መርፌው ረዘመባት።

«አንቺ፣ ይሄ የሷ አይደለም» አለችኝ።

ልዩነቱ ያለው አንድ አሃዝ ላይ ነበር። የኛ ኤምኤምቲ-399 ነው፤ የመጣው ኤምኤምቲ-397።

ሬፍ የሚባለው ይህ ቁጥር ነው። ማሸጊያው ላይ በትንሽ አራት ማዕዘን ውስጥ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት (REF) ታያላችሁ፤ ቁጥሩ ከጎናቸው ይጻፋል። አምራቹ ለእያንዳንዱ ዓይነት ዕቃ የሚሰጠው መለያ ነው። ስሙ አንድ ሆኖ መጠኑ ሲለያይ፣ የሚለየው ሬፉ ነው።

የአምራቹን የሜድትሮኒክን ኩዊክ-ሴት እንውሰድ። በ399 ቆዳ ሥር የሚገባው ቱቦ፣ ማለትም ካኑላው፣ 6 ሚሊ ሜትር ነው። በ397 ደግሞ 9 ሚሊ ሜትር። ከፓምፑ የሚመጣው ረጅሙ ቱቦ በሁለቱም 60 ሳንቲ ሜትር ነው። 398 የ399ን፣ 396 ደግሞ የ397ን ዓይነት ካኑላ ይዘው ረጅሙ ቱቧቸው 110 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሦስት ሚሊ ሜትር ትንሽ ይመስላል። ለቀጭን ልጅ ግን ትንሽ አይደለም፤ ስቡን አልፎ ጡንቻ ሊነካ ይችላል። ካኑላው ከገባ በኋላ የሚሞላው ኢንሱሊንም ይለያል፦ ለ6 ሚሊ ሜትሩ 0.3 ዩኒት፣ ለ9 ሚሊ ሜትሩ 0.5።

ኢንሱሊን የሚሞላበት ሪዘርቯየርም እንዲሁ ነው። 326ኤ 1.8 ሚሊ ሊትር፣ 332ኤ 3 ሚሊ ሊትር ይይዛል። በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ባለው በተለመደው ኢንሱሊን ሲሰላ 180 እና 300 ዩኒት መሆኑ ነው። ትልቁ በትንሹ ፓምፕ ውስጥ አይገባም።

ሰው ሻንጣው እንዳይሞላበት ሳጥኑን ጥሎ ፍሬዎቹን ብቻ ያመጣል። አትደንግጡ። የእያንዳንዱ ፍሬ ክዳን ወረቀት ላይም ሬፉ አለ። ወረቀቱ የተቀደደ ወይም የተከፈተ ከሆነ ግን አይጠቀሙበትም፤ ንጽህናው ጠፍቷል። ቁጥር 2 በክብ ውስጥ ተሰርዞ ካያችሁ ደግሞ ዕቃው አንዴ ብቻ የሚሠራ ነው። ዕቃ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር አጥቦ መድገም ያጓጓል፤ እባካችሁ አታድርጉት።

ሎት (LOT) የሚለው ሌላ ነው። እሱ ዕቃው በየትኛው ዙር እንደተመረተ ይናገራል። በ2017 እ.ኤ.አ. ሜድትሮኒክ የአንዳንድ ሎቶችን ኢንፊውዥን ሴት፣ ማለትም እንደ ኩዊክ-ሴት ያለውን ቱቦና ካኑላ፣ ከገበያ ሰብስቧል፤ ኢንሱሊን ከመጠን በላይ ሊያስገቡ ይችሉ ስለነበር። እንዲህ ሲሆን የራሳችሁን የምታጣሩት በሎቱ ቁጥር ነው።

እኛን አበሾችን በተለይ የሚያሳስተን ቀኑ ነው። የአሸዋ ሰዓት ሥዕል ካለበት ጎን የሚጻፈው መጠቀሚያው የሚያበቃበት ቀን ነው፤ የፋብሪካ ሥዕል ያለበት ደግሞ የተመረተበት። ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። 2026-03-31 ማለት መጋቢት 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። «ሦስተኛው ወር ኅዳር ነው፣ ገና 2026 ዓ.ም. መች ደረሰና» ብሎ ያስቀመጠ ሰው፣ ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ስህተት ሠርቷል።

በፓምፕ ውስጥ የሚገባው ቶሎ ሠርቶ ቶሎ የሚያልቀው ፈጣኑ ኢንሱሊን ብቻ ነው። ዕቃው አልገጥም ብሎ ፍሰቱ ከተቋረጠ ስኳሩ በሰዓታት ውስጥ ወደ አደጋ ይወጣል። ስለዚህ በግድ ለማስገጠም አትሞክሩ። በመርፌ ኢንሱሊን ሰጥታችሁ ሐኪማችሁ ጋ ደውሉ። መጠባበቂያ መርፌና ኢንሱሊን ቤት ውስጥ መጥፋት የለበትም።

የኛ ሳጥን አሥር ፍሬ ነበረው። ፍሬው በሁለት ሦስት ቀን ስለሚቀየር፣ የአንድ ወር ግድም ዕቃ ማለት ነው። ልጅቷ የሚቀጥለው መንገደኛ እስኪመጣ በመርፌ ቆየች፤ በቀን አራቴ አምስቴ። አሁን ወንድማችን ዕቃውን ሻንጣ ውስጥ ከመክተቱ በፊት የማሸጊያውን ፎቶ በቴሌግራም ይልካል። ፎቶውን አጉልታ ቁጥሩን የምታነበው ራሷ ናት። «399 ነው ጋሼ፣ ላከው» ትለዋለች።