ጧፍ በቤት ውስጥ፦ ከሰፈፍ እስከ ነበልባል

ጧፍ ከጥጥ ፈትልና ከንብ ሰም የሚሠራ ቀጭን መብራት ነው። ከሻማ የሚለየው በውፍረቱ ብቻ አይደለም፤ ወፍራም ሻማ ራሱን ችሎ ይቆማል፣ ጧፍ ግን ሰው ይዞት ሊበራ የተሠራ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን «ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ» አብረው የሚጠሩ የመባ ስሞች ናቸው። የትንሣኤ ሌሊት ምእመኑ በእጁ ይዞት ይቆማል፤ በቤት ደግሞ ማታና ሌሊት ዳዊት የሚደግሙ፣ ውዳሴ ማርያም የሚያደርሱ ሰዎች ይለኩሱታል። አምፖል በሞላበት ቤት እንኳ ለጸሎት ጧፍ የሚያበራ ብዙ ነው።

ሰሙን የምትሠራው ሠራተኛዋ ንብ ናት። ከተፈለፈለች ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ በሆዷ ሥር ያሉት አራት ጥንድ ዕጢዎች ሰሙን በስስ ቅርፊት መልክ ያወጣሉ፤ እሷም በአፏ አላምጣ ባለ ስድስት ማዕዘን እንጀራዋን ትገነባበታለች። ለዚህ ብዙ ማር ትበላለች። ስለዚህ ዘመናዊ ቀፎ ያለው አናቢ ማሩን አስወጥቶ እንጀራውን ለንቦቹ ሲመልስ፣ በባህላዊ ቀፎ ግን እንጀራው ከነማሩ ተቆርጦ ይወጣል። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ በንብ ሰም ቀዳሚ፣ በዓለምም ከዋና አምራቾች አንዷ የሆነችበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ አብዛኛው ቀፎዋ አሁንም ባህላዊ ነው። ዋናው የማር ቆረጣ አደይ አበባ ከፈነዳ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ይውላል።

ሌላው ምክንያት ጠጅ ነው። ጠጅ ጣይ ማሩን ከነእንጀራው በውሃ ሲበጠብጥ ሰሙ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ይህ ተጠልሎ የሚወጣው ሰፈፍ ይባላል። በየጠጅ ቤቱ የሚጠራቀመው ሰፈፍ ለሰም ነጋዴ ይሸጣል። በውሃ ተቀቅሎ፣ በጨርቅ ወይም በጆንያ ተጨምቆ ሲቀዘቅዝ ንጹሑ ሰም ከላይ ይረጋል፣ ቆሻሻው ከሥሩ ይቀራል፤ ያ በቢላ ተፍቆ ይጣላል። ገበታውን ያደመቀው ብርሌና ጸሎት ቤቱን ያበራው ጧፍ ከአንድ ቀፎ የወጡ መሆናቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ ፈትሉን በቀለጠ ሰም እየነከሩ፣ እያወጡ፣ በመዳፍ እያሹ ማለስለስ ነው። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል፤ ስለዚህ ዕቃውን በፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ ማቅለጥ ይበቃል። በቀጥታ እሳት ላይ መጣድ ሰሙን ያጠቁራል፣ ከተረሳም ይቀጣጠላል። የተቀጣጠለ ሰም ላይ ውሃ ማፍሰስ እሳቱን በቤቱ መበተን ነው፤ የሚያድነው ክዳን ደፍኖ ማፈን ነው። ትልቁ ምስጢር ግን ፈትሉ ነው። የሚነደው የቀለጠው ሰም ሳይሆን በፈትሉ ተስቦ ወጥቶ በሙቀት የተነነው ሰም ነው። ፈትሉ ከወፈረ ነበልባሉ ይረዝማል፣ ያጨሳል፤ ከቀጠነ በራሱ ሰም ሰጥሞ ይጠፋል። ሙሽሮችን «እንደ ሰምና ፈትል ሁኑ» ብለው የሚመርቁ ሽማግሌዎች ይህን ያውቁታል፤ አንዱ ያለ ሌላው አያበራም።

ገበያ ላይ ፓራፊን ወይም ሞራ የተቀላቀለበት፣ ቢጫ ቀለም የተነከረ ጧፍም አለ። እኔ ስገዛ መጀመሪያ አሸትተዋለሁ፣ ከዚያ ጫፉን በጣቴ አሻለሁ። እውነተኛው ሰም የማር ሽታ አለው፤ በጣት ሙቀት ይለሰልሳል እንጂ እንደ ቅባት አያንሸራትትም፤ ሲሰበር ስብራቱ ደብዛዛ ነው። ፓራፊን ያንሸራትታል፣ ይፈረፈራል፤ ሞራ ያለበት ደግሞ ሲጠፋ የስብ ሽታ ይሰጣል። ፓራፊን ራሱ ኃጢአት የለበትም፤ ለስለት የሚሆን ጧፍ ለሚገዛ ሰው በንብ ሰም ዋጋ መሸጡ ነው የሚያናድደው። የንብ ሰም የቤት አየር ያጸዳል የሚባለውን ግን ማስረጃ የለውምና አልቀበለውም። ሽታው ደስ ይላል፤ ከዚያ በተረፈ እንደማንኛውም እሳት ያጠቅራል፣ መስኮት ትንሽ መከፈት አለበት።

አያያዙ ላይ አያቴን የሚያህል አላየሁም። ጧፉን ከመለኮሷ በፊት የከሰለውን ፈትል በጥፍሯ ቆርጣ ትጥላለች፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ታስቀራለች። የጥቀርሻ ዋናው መድኃኒት ይህ ነው። ከዚያ ሁለት ሦስት ጠብታ ሰም በሸክላ ሰሃን ላይ ታንጠባጥብና ሳይረጋ ጧፉን ትተክልበታለች። ረዘም ያለ ጸሎት ሲሆን አሸዋ የሞላ ጣሳ ታቀርባለች፤ ጧፉ ቢወድቅ እንኳ አሸዋው ያጠፋዋል። ስታጠፋም እፍ አትልም። የሚነደውን ፈትል በክብሪት እንጨት ጎንበስ አድርጋ በቀለጠው ሰም ታስነካውና መልሳ ታቆመዋለች። ጭስ የለም፣ ፈትሉም ሰም ጠጥቶ ስለሚቀር በነጋታው ቶሎ ይይዛል። እፍ የተባለ ጧፍ የሚተፋው ነጭ ጭስ ያው የተነነ ሰም ነው፤ ወዲያው ክብሪት ቢጠጋው እሳቱ በጭሱ ላይ ወርዶ ፈትሉን መልሶ ሲይዝ ይታያል።

ወፍራም የሰም ሻማ ሌላ ጠባይ አለው። መጀመሪያ ሲለኮስ ቅልጡ እስከ ዳር እስኪደርስ መተው ያስፈልጋል፤ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ሁለት ሰዓት ገደማ። ቀድሞ ከጠፋ መካከሉ ብቻ ይጎደጉድና በሚቀጥለውም ቀን በዚያው ጉድጓድ ይወርዳል። ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ ማንኛውም ጧፍና ሻማ በአንድ ጎን ይቀልጣል።

አደጋው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በበዓል ነው። የተጎዘጎዘ ቄጠማ በማግስቱ ይደርቃል፤ የነጠላ ጫፍ ጎንበስ ሲሉ ወደ ነበልባል ይወርዳል፤ መጋረጃም እንዲሁ። ጧፍ በርቶ ከክፍሉ መውጣት፣ ይዞ ማሸለብም አይገባም።

ረጅም ጊዜ የተቀመጠ ጧፍ ላይ ነጭ አቧራ መሰል ነገር ይወጣል። ሻጋታ መስሎት የሚጥል አለ፤ ሰሙ ራሱ በብርድ ያወጣው ነው፣ በለስላሳ ጨርቅ ሲወለወል ወይም ትንሽ ሲሞቅ ይጠፋል። ማስቀመጫው ጥላና ቀዝቃዛ ይሁን፤ ፀሐይ ያጎብጠዋል፣ ቀለሙንም ያነጣዋል። በብርድ የደረቀ ጧፍ ሲታጠፍ ስለሚሰበር መጀመሪያ በመዳፍ ማሞቅ ነው። ጋቢ ላይ የነጠበ ሰም እስኪጠነክር ጠብቆ በቢላ ጀርባ ይፋቃል፤ የቀረው በነጭ ወረቀት መካከል ተደርጎ ሞቅ ባለ ካውያ ሲተኮስ ወረቀቱ ይመጠዋል።

ሰሃን ላይ የረጋው ጠብታም አይጣልም። አያቴ በጣሳ ታጠራቅመዋለች፤ ጣሳው ሲሞላ በፈላ ውሃ ውስጥ አቅልጣ፣ በነጠላ ቁራጭ አጥልላ፣ ራሷ የፈተለችውን ፈትል ትነክርበታለች።